በመርጡለ ማርያም ግንብ ሥር፤ ስለ ጥቂቶቹ ካቶሊካውያን የተጻፈ ዳሰሳ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ፣ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዓባይን በረሃ እያየ ሲጓዝ፣ ታቦት ያላረፈበት ኮረብታ፣ የቆሎ ተማሪ ያልተጠጋበት ደጀ ሰላም የሚያገኝ አይመስለውም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ እየተባሉ የሚጠሩት አድባራት ሁሉ የዚሁ አገር ሀብት ናቸው፤ ቅኔውም መጽሐፉም ከጉባኤያቸው እየፈለቀ ወደ ሌላው አውራጃ ሲወርድ ኖሯል። በእንዲህ ያለ አገር መካከል ቆሞ ስለ ካቶሊክ ሃይማኖት ልጻፍ ማለት፣ ስለ ሌለ ነገር መጻፍ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ እንደሚያሳየን ከአማራ ክልል ሕዝብ ከመቶ 82.5 የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ፣ 17.2 የሚሆነው እስላም ስለ ሆነ፣ ለፕሮቴስታንቱ፣ ለካቶሊኩና ለቀረው ሁሉ በአንድነት የተረፈው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በመላው ኢትዮጵያም ቢሆን በዚያው ቆጠራ ካቶሊካውያን የተባሉት ከመቶ 0.7 ብቻ፣ ይኸውም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነፍስ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ቍጥር ሁሉን አይናገርም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጥቂትነት የምትኖርባቸው አገሮች በዓለም ላይ ብዙዎች ናቸው፤ በጃፓን ቡድሃንና የአማልክቱን ሥርዓት በሚከተል ሕዝብ መካከል፣ በህንድ በሂንዱዎች መካከል፣ በሰሜን አፍሪካና በቱርክ በእስላሞች መካከል ትኖራለች፤ ስለ እነዚህም ብዙ ተጽፏል። የእኛ አገር ነገር ከዚህ የሚለየው፣ ካቶሊካዊው እዚህ በሁለት ዓይነት ጥቂትነት ስለሚኖር ነው፤ በአንድ ወገን ክርስትና ባልደረሰበት ሕዝብ መካከል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከአውሮፓ ብዙው ክፍል አስቀድሞ ክርስቲያን በሆነ ሕዝብ መካከል። ሁለቱን ሳመዛዝናቸው፣ ከባዕድ መካከል ጥቂት ሆኖ መኖር ከወንድም መካከል ጥቂት ሆኖ ከመኖር ይልቅ የሚቀል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ለዚህም ምስክር የምጠራው የብቸናንና የሞጣን አገር ነው። (ታሪኩን ከሮምና ከጃፓን ታሪክ ጋር ለማስተያየት እንዲመች፣ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። የሐድያ ገዢ ልጅ የነበረችው ንግሥት እሌኒ፣ በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን መንግሥቱን ስትጠብቅ፣ በቀይ ባሕር ላይ የሚበረታው የቱርክ ኃይል ስላሳሰባት በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች፤ ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው በ1520 የደረሰው የፖርቱጋል መልእክት ነው፤ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ያየውን የጻፈልን ከዚህ መልእክት ጋር መጥቶ ነው። የእሌኒ ርስት በጎጃም ነበረና፣ ያሠራችውም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው እነብሴ የሚገኘው መርጡለ ማርያም ነው። እንግዲህ የሮም ሃይማኖት ወደ ኢትዮጵያ የገባበት በር መጀመሪያ የተከፈተው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ያውም የዚህን አገር ርስት በያዘች ንግሥት እጅ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። እሌኒ የፈለገችው የጦር ወዳጅ እንጂ የሃይማኖት መምህር አልነበረም፤ ነገር ግን የጦር ወዳጅ የሚመጣው መምህሩን አስከትሎ ነው። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ከግራኝ ጋር ተዋግተው የተረፉት በዚሁ አገር አግብተው ወለዱ፤ ለብዙ ጊዜም በኢትዮጵያ የነበረው ካቶሊካዊ ማኅበር የእነዚህ ወታደሮች ዘር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ካህናት ናቸው። በ1557 የመጣው ጳጳስ አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ በትግራይ ፍሬሞና በድህነት ኖሮ ከሞተ በኋላ፣ በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ እስፓኛዊ ካህን ገባ። ይህ ሰው ግዕዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በራሳቸው መጽሐፍ በሃይማኖተ አበው እየተከራከረ፣ ለንጉሡ ቤት እየሠራ፣ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ወደ ሰከላ ወጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ፣ ሥርዓቱን ሳያፈርስ ልቡን ለማግኘት የሚደክም ዓይነት ሰው ነበር። በዚያው ዘመን ማቴዎ ሪቺ በፔኪንግ የቻይና ሊቃውንትን ልብስ ለብሶ፣ ሮቤርቶ ዴ ኖቢሊ በህንድ ማዱራይ እንደ ብራህማን ባሕታዊ ሆኖ የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሦስቱም የአንድ ማኅበር ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ሪቺና ዴ ኖቢሊ የቆሙት ክርስቶስን ሰምቶ በማያውቅ ሕዝብ ፊት ስለ ነበረ፣ የአገሩን ልማድ ቢቀበሉ የሚነቅፋቸው ከአውሮፓ የሚመጣው ወንድማቸው ብቻ ነበር፤ ፓኤዝ ግን የቆመው እኔ ካንተ በፊት አምኛለሁ በሚለው ሕዝብ ፊት ነው። የእርሱ ትዕግሥት ያልዳኘውን ደግሞ ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በችኮላ አበላሸው። በየካቲት 1626 ሱስንዮስ በደንቀዝ ለሮም ጳጳስ በአደባባይ ከተገዛ ወዲህ፣ የተጠመቀው ዳግመኛ ይጠመቅ፣ የተካነው ዳግመኛ ይካን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ ይባረክ፣ ግዝረት ይቅር፣ በዓሉና ጾሙ በሮም ቍጥር ይሁን ተባለ፤ የቀዳሚት ሰንበት መከበርም አስቀድሞ ተከልክሎ ነበር። ክርስቲያን የነበረውን ሕዝብ ክርስቲያን አልነበርህም ማለት ይህ ነው። አረመኔ የተባለ ሕዝብ ስሙን ሰምቶ ላይቆጣ ይችላል፤ ጥምቀቱ ጥምቀት አይደለም የተባለ ክርስቲያን ግን በአባቱ መቃብር ላይ የተሰነዘረ ስድብ አድርጎ ይቀበለዋል።

በዚህ ዘመን ጎጃም የካቶሊኩ ወገን ዋና ምሽግ ነበር፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን ይገዛ ነበርና፣ ከመኳንንቱ ሁሉ አስቀድሞ ሃይማኖቱን ተቀብሎ፣ በቆለላና በሌሎችም የጎጃም ቦታዎች ለኢየሱሳውያን ማረፊያ ሰጣቸው። በመርጡለ ማርያምም፣ በግራኝ ጦርነት ዘመን በጠፋው በእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ፣ ድንጋዩ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተጠረበ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ጀመር፤ በሥራውም ከነበሩት ኢየሱሳውያን አንዱ ብሩኖ ብሩኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በሌላው ወገን ግን የንጉሡ የጦር አለቃ ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መንኩሳ፣ በጣና ደሴቶችና ዳርቻ ተከታዮቿን ሰብስባ የሮምን ሃይማኖት ትቃወም ነበር፤ ገድሏም በ1672 ተጽፎ ዛሬ ድረስ ይነበባል። በላስታ የተነሣው ዐመፅ ደግሞ በሰኔ 1632 በወይና ደጋ የእርስ በርስ እልቂት ሆነ፤ በዚያ ቀን 8000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ፣ ፋሲለደስም አባቱን በሬሳው መካከል አቁሞ ያሸነፍነው ክርስቲያኖችን ነው እንዳለው ይተረካል። ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለቆ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ሥዕለ ክርስቶስም እምነቴን አልክድም ብሎ ግዞትንና ሞትን ተቀበለ፤ ተደብቆ የቀረው ብሩኒም በ1640 ተሰቀለ።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። ጃፓን ካህናትን ያባረረችው በ1614 ነው፤ በሺማባራ ከተነሣው ዐመፅ በኋላ፣ በ1639፣ በሯን ፈጽማ ዘጋች። እኛና ጃፓኖች በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ አንድ ሥራ ሠርተናል ማለት ነው። ነገር ግን በመጋቢት 1865 በናጋሳኪ በተሠራው አዲስ የፈረንሣውያን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥቂት የኡራካሚ ገበሬዎች መጥተው፣ ለቄሱ ለፔቲዣን ልባችን ከልብህ አንድ ነው ብለው ገለጡለት፤ የእመቤታችንም ሥዕል ወዴት እንዳለ ጠየቁት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ካህን፣ ጥምቀቱን ራሳቸው ለልጆቻቸው እየሰጡ፣ የእመቤታችንን ምስል የቡድሃ እምነት የምሕረት አምላክ አስመስለው እየደበቁ ኖረው ነበር። በጎጃም ግን ከሥዕለ ክርስቶስ ሞት በኋላ እንደዚህ የተደበቀ ማኅበር ተገኘ የሚል ታሪክ የለንም። ጎጃሜው በእምነቱ ከጃፓኑ የሚያንስ ስለ ሆነ ነው እንዳይባል፣ በዲማና በደብረ ወርቅ ያለውን ትምህርት ያየ ሰው እንዲህ ለማለት አይደፍርም። የጃፓኑ ገበሬ ካቶሊክነቱን ቢተው ማርያምን ያጣ ነበር፤ የጎጃሙ ገበሬ ግን ወደ ደብሩ ቢመለስ ማርያምን ያገኛታል፤ ሚካኤልንም ጊዮርጊስንም፣ ጾመ ፍልሰታንም ያገኛል። የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። በባዕድ መካከል ያለ ጥቂት ሃይማኖቱ አጥር ይሆነዋል፤ በወንድም መካከል ያለ ጥቂት ግን የቤቱ በር በሁለቱም ወገን ክፍት ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የአንድ ቀን ንስሐ ይበቃዋል።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ በምሥራቅ ጎጃም ምን ቀረ? ሰው አልቀረም፤ ክርክር ግን ቀርቷል። ኢየሱሳውያን በአደባባይ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ሲከራከሩ፣ በሐዋርያት ሥራ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የተባለው ቃል ትርጓሜው ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ በሊቃውንቱ መካከል ተነሣ፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላም ጥያቄው አልሄደም። የሰው ልጅ ባሕርይ በተዋሕዶ ከበረ የሚሉት ተዋሕዶዎች፣ በቅብዐት ከበረ የሚሉት ቅባቶች፣ በኋላም የጸጋ ልጅ የሚሉት ወገኖች እየተለያዩ፣ ጎንደርን ከጎጃም፣ ደብረ ሊባኖስን ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሲያከራክሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ እስከ 1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ንጉሥ እየተነሣ ንጉሥ እየወደቀ የሄደበት ነገር ነው። ቅባቱ ግን መንደሩን ያደረገው በጎጃም፣ በተለይም በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያምና በሞጣ ዙሪያ ነበር፤ ቅሬታውም ዛሬ ድረስ አልጠፋም። ተዋሕዶዎቹ ቅባቱን የፈረንጅ ትምህርት ውላጅ ነው እያሉ ሲነቅፉት፣ ቅባቶቹ ደግሞ የአባቶችን ሃይማኖት ሳንለውጥ የያዝነው እኛ ነን ይላሉ። ለእኔ የሚመስለኝ፣ የጎጃም ሊቅ ከሮም የተቀበለው መልስን ሳይሆን ክርክሩን ነው፤ ክርክሩንም ወደ ግዕዝ መልሶ፣ በቅኔና በትርጓሜ አሳድጎ፣ ፈጽሞ የራሱ አደረገው። ስለዚህም ካቶሊክ የሚለው ቃል በዚህ አገር ለብዙ ዘመን የሰው ስም ሳይሆን የስድብ ስም፣ ተከራካሪን ከጉባኤ የሚያስወጡበት ቃል ሆኖ ኖረ። አንድም ልዮናዊ፣ ማለት የሮምን ሃይማኖት የተከተለ፣ ሳይኖር ልዮናዊ እየተባሉ የተወገዙ መነኮሳት ስንት ናቸው!

ከዚህ ክርክር መካከል ነው አንድ ሰው የተነሣው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ዲቦ በምትባል ቦታ ተወለደ፤ በልጅነቱ አንድ ዓይኑ ስለ ጠፋ ለእርሻ ሳይሆን ለትምህርት ተሰጠ፤ በመርጡለ ማርያምም ምንኵስናን ተቀበለ። እንግዲህ ይህ ሰው የተማረው ኢየሱሳውያኑ ጀምረውት በፈረሰው ግንብ አጠገብ እንደ ነበረ ልብ በሉ። የሥጋዌ ምሥጢር ክርክር ዕረፍት ነሥቶት፣ የገዳማትን ሥርዓት በየመጻሕፍቱ እየፈለገ፣ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር እየተመላለሰ ኖረ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት የላከው መልእክት ሲወጣ ከተላኩት አንዱ ሆነ፤ የመልእክቱ መሪ ደግሞ በ1839 ወደ ዐድዋ የመጣው፣ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ የሚባለው ጣሊያናዊው ካህን ጁስቲኖ ዴ ያኮቢስ ነበር። ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ ይህን ፈረንጅ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ካይሮን፣ ከዚያም ሮምን አይቶ፣ ጳጳሱን ግሪጎርዮስ 16ኛን አግኝቶ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰ፤ በ1844 ግን ካቶሊካዊ ሆነ። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሮም አይቶ ተማረከ ይላሉ። በሮም የታየው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሮም ሳለ በሆነ ነበር፤ እርሱ የተለወጠው ተመልሶ፣ አሰላስሎ፣ የአገሩን ጳጳስ የአቡነ ሰላማን አነጋገር ከሰማ በኋላ ነው። የገብረ ሚካኤል ካቶሊክነት የመርጡለ ማርያም ተማሪ የጀመረው ጥያቄ ፍጻሜ እንጂ የእንግዳ ስብከት ፍሬ ብቻ አልነበረም።

አቡነ ያዕቆብ ከሜንዴስ ፈጽሞ የተለየ ሰው ነበር፤ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ምግብ በልቶ፣ ቅዳሴው በግዕዝ ይሁን የሚል ነበርና፣ ከገብረ ሚካኤል ጋር ሆኖ የትምህርተ ክርስቶስና የግብረ ገብ መጻሕፍትን ወደ አገሩ ቋንቋ መለሰ፤ በ1851 መባቻም ገብረ ሚካኤልን በትግራይ ዓሊቴና ቄስ አድርጎ ሾመው። ዛሬ በሰሜኑ ክፍል ያሉት ካቶሊካውያን በግዕዝ የሚቀድሱ፣ በአንድ የቅዳሴ መጽሐፍ ከኦርቶዶክሳውያን ጋር የሚቀራረቡ የሆኑት ይህ ሰው በጣለው መሠረት ላይ ስለ ቆሙ ነው። ሆኖም በ1854 አቡነ ሰላማ በጎንደር ገብረ ሚካኤልን ከአራት ጓደኞቹ ጋር አሳሠረው፤ በግርፋትና በግንድ እስራት ካሠቃዩት በኋላ፣ በ1855 ከነገሠው ዐፄ ቴዎድሮስ ፊት አቀረቡት። እንደ ታሪኩ ከሆነ ሞት ተፈርዶበት ሳለ የእንግሊዝ ቆንስል ዎልተር ፕላውደን ስለ ለመነለት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከዚያም በሰንሰለት ታስሮ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር እየተጎተተ ሲሄድ በነሐሴ 1855 በመንገድ ሞተ። ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 1926 ብፁዕ ብለው ሠየሙት፤ አቡነ ያዕቆብም በ1975 ቅዱስ ተባለ። በአንድ በኩል ስናየው፣ ምሥራቅ ጎጃም ለሮም የሰጠችው ሰማዕት ከዲማና ከደብረ ወርቅ ሊቃውንት ብዙዎች ይልቅ በዓለም የታወቀ ነው፤ የተማረበት አገር ሕዝብ ግን ይበልጡን ስሙን አያውቀውም። ይህን የምጽፈው ለነቀፋ አይደለም፤ የወንድም መካከል ጥቂትነት መልኩ እንዲህ ነው ለማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የጎጃም ታሪክ አጭር ነው። በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባለው ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ በ1852 ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉድሩ ሲደርስ፣ ዓይኑ በጎጃም ላይ ሳይሆን ከዓባይ ማዶ ባለው በኦሮሞው፣ በኋላም በከፋው ላይ ነበር፤ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እስኪወጣ ድረስም ሥራው በዚያው ወገን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር የለወጠው የ1935ቱ የጣሊያን ወረራ ነው። በሚላኖ የነበረው ካርዲናል ሹስተር ለጦርነቱ የሰጠው ምርቃት፣ የአቡነ ጴጥሮስ መረሸን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ተደምሮ በሕዝቡ ዘንድ ካቶሊክና ጣሊያን አንድ ስም ሆነ። ያም ሆኖ በሐረር አቡነ እንድርያስ የሚባለውን፣ የኋላው ንጉሠ ነገሥት የልጅ ተፈሪ መምህር የነበረውን ፈረንሣዊውን ጳጳስ ዣሮሶን ከአገር ያስወጡት ራሳቸው ጣሊያኖች ናቸው። በብቸና አገር ግን በላይ ዘለቀ ጫካ ሲገባ፣ የተዋጋው ባንዲራን ብቻ ሳይሆን መስቀልንም ጭምር እንደ ሆነ የሚናገሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ምክንያታቸው አይገባኝም ማለት አልችልም። ከሞጣ ወርዶ ዓባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ መካከሉ የተሰበረው በዚያ ጦርነት ጊዜ፣ ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ዓመት በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር። ድልድዩን አስቀድሞ ያሠራው ደግሞ ዐፄ ፋሲል ነው ይባላል፤ ኢየሱሳውያንን ያባረረው ይኸው ንጉሥ በእነርሱ ዘመን የተስፋፋውን የኖራ ግንብ ጥበብ አላባረረውም። የጎጃም ሰው ከሮም የቀረለትን ሲቈጥር የሚያገኘው ኖራውን ነው።

አሁን የዚህ ዳሰሳ ሌላው ገጽ ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላ፣ በ1944 ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ድንጋጌ፣ አገሩ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለስብከት ክፍት የሆነ ክልል ተብሎ ተለየ፤ ጎጃም ከመጀመሪያው ወገን ስለ ነበረ ሚሲዮን ቢመጣ ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ከማቆም በቀር መስበክ የተፈቀደለት አልነበረም። በክፍቱ ክልል ግን የሆነውን እናያለን። በ1920ዎቹ ካፑቺናውያን የጀመሩት የከምባታና የሐድያ ሥራ ዛሬ በሆሳዕና፣ በሶዶና በሐዋሳ ሐዋርያዊ ግዛቶች ተስፋፍቷል፤ ሆሳዕና በ2010፣ የእምድብር ሀገረ ስብከት ደግሞ በ2003 ተቋቋሙ። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ሳይታሰብ ወደ ልቤ ይገባል፤ ከፖርቱጋል ጋር መልእክት የጀመረችው እሌኒ የሐድያ ልጅ ነበረች፤ በጎጃም ርስቷ ላይ ሥር ያልሰደደው ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሥር የሰደደው በትውልድ አገሯ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የጥንቱ ጎጃም ራሱ ነው። የቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መተከልን ያጠቃልል ነበር፤ በዚያም የጉምዝ ሕዝብ በብዛት የአባቶቹን ሥርዓት ይዞ ኖሯል። የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን በግልገል በለስና በጉብላክ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንንና ትምህርት ቤትን ተክለዋል፤ ከ1977 ዓ.ም. በኋላም ከከምባታና ከሐድያ ወደ ፓዌ የሰፈሩት ቤተሰቦች ሃይማኖታቸውን ይዘው መጥተዋል። እነሆ፣ አንዱ የጎጃም ዳርቻ ሃይማኖቱን ሲቀበል ሌላው ዳርቻ አልተቀበለውም። ለጉምዙ ጥምቀት አዲስ ልደት ነው፤ አዲስ ስም፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ወንድሞች ያገኝበታል። የብቸና ገበሬ ግን ስምም አለው፣ የንስሐ አባትም አለው፣ ማኅበሩም ሰንበቴውም እድሩም አለው፤ መቃብሩም የአባቶቹ ደብር ነው። ሃይማኖቱን ቢለውጥ የሚያገኘውን ሳይሆን የሚያጣውን ያያል፤ ፍትሐቱ በማን ይደገማል፣ ተዝካሩንስ ማን ይበላለታል? በድሮው ዘመን ደግሞ የደብሩን መሬት የሚያርሰው ለደብሩ አገልጋይ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ነፍስን ብቻ ሳይሆን ርስትንም የሚነካ ነበር። ሜንዴስ ያላስተዋለው ይህን ነው፤ አቡነ ያዕቆብ አስተውሎት ነበር፤ ነገር ግን ማስተዋል ብቻውን ርስትን አይመልስም።

ካቶሊካውያን በቍጥር ማነሳቸው በሥራም አነሱ ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ያሉት የልደታ፣ የናዝሬትና የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች ያስተማሯቸው ልጆች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም የካቶሊክ ረድኤት ድርጅቶች ያበሉት ሕዝብ ሃይማኖቱ አልተጠየቀም። ከአገሩ ልጆች የመጀመሪያው ካርዲናል አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985፣ ሁለተኛው አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል በ2015 ተሾሙ። በዚሁ በ2015 በጥር ወር የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውም ጳጳስ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ስለዚህ ብቸናና ሞጣ በወረቀት ላይ ዛሬ የካቶሊክ ጳጳስ ግዛት ውስጥ ናቸው። በዚያ ግዛት ውስጥ የሚኖረው ካቶሊካዊ ብዙውን ጊዜ በሥራ ምክንያት የተዛወረ መምህር፣ መሐንዲስ ወይም ነርስ ነው፤ ጎረቤቱ ስለ ሃይማኖቱ ሲጠይቀው ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ ከዚያ አልፎ ሲጠየቅ ግን አንድ አፍታ ያመነታል፤ በመተከል ያለው የጉምዝ ካቶሊክ ይህን ማመንታት አያውቀውም።

የመርጡለ ማርያም አለቃ ርእሰ ርኡሳን በሚል ማዕርግ ይጠራሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እንደ ቀድሞው ይቀደስበታል፤ በአጠገቡ ደግሞ ያ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት የፈረሰ ግንብ ቆሟል። በ1842 ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ መጥቶ ግንቡን ለክቶ ስለ እርሱ ጻፈ። በዚያው ዘመን ግን ከዚህ ግንብ አጠገብ የተማረው አንድ ዓይናው መነኵሴ፣ ገና ካቶሊክ ሳይሆን፣ ከሮም ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌምም ወደ አገሩ በሚያመጣው መንገድ ላይ ነበር፤ ከተመለሰም በኋላ ውሳኔውን ሳይናገር ሁለት ዓመት ያህል ቆየ።